ጤዛ ጠራጊው

በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በወንዶች 1500 ሜትር ፍፃሜ አሜሪካዊው ማቲው ሴንትሮዊትዝ ወርቅ ያገኘው 3 ደቂቃ ከ50.00 ሰከንድ ሮጦ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ገንዘቤ ዲባባ በሞናኮ የሴቶቹን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ነበር። የኦሊምፒኩ የወንዶች አሸናፊ ከገንዘቤ የፈጠነው በሰከንድ ሰባት መቶኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከሳምንታት በኋላ እዚያው ሪዮ በተካሄደው ፓራሊምፒክ፣ የማየት ችግር ባለባቸው አትሌቶች የ1500 ሜትር ፍፃሜ፣ አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3፡48.29 አንደኛ፣ የእኛው ታምሩ ደምሴ በ3፡48.49 ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛና አራተኛ የወጡት ሯጮች ሳይቀሩ ከሴንትሮዊትዝ ሰዓት ፈጥነው ገብተዋል። በዚህ ርቀት ከሪዮው የዘገየ የኦሊምፒክ አሸናፊ የሚፈልግ ሰው፣ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቤካሊ በ3፡51.2 ወዳሸነፈበት ወደ 1932ቱ ሎስ አንጀለስ መመለስ አለበት።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። ሯጮቹ ፈርተዋል፣ ተመልካቹን አሰልችተዋል፣ ወርቁም ረክሷል ይላል። ይህ ምዕራፍ የሚሞግተው ይህን ፍርድ ነው። ሴንትሮዊትዝ የሮጠው ሩጫና ገንዘቤ በሞናኮ የሮጠችው ሩጫ ርቀታቸው አንድ ይሁን እንጂ ጥያቄያቸው የተለያየ ነው። የሞናኮው ጥያቄ አንድ ሰው ይህን ርቀት በስንት ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል የሚል ነው። የሻምፒዮናው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል መጀመሪያ የሚገባው ማነው የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ሰዓቱን ማየት ብዙም አይረዳንም። ማየት ያለብን መሪነትን ነው። በመካከለኛ ርቀት ፊት መሆን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም በየመቶ ሜትሩ ይወጣል ይወርዳል። የሻምፒዮናው አሸናፊ አብዛኛውን ጊዜ የመሪነቱን ቦታ በርካሽ ሰዓት የሚይዝ፣ ሲወደድ ለሌላ የሚለቅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላው ከፍሎ በጨረሰበት ቅጽበት የሚረከብ ሯጭ ነው።

በክረምት ጠዋት ሣር በወረሰው ቀጭን መንገድ ሰዎች ተከታትለው ሲሄዱ፣ የሁሉንም ጤዛ የሚጠርገው ፊት ፊት የሚሄደው ነው። እሱ እስከ ጉልበቱ ይርሳል፤ ከኋላው ያሉት ደረቅ እግር ይዘው ይደርሳሉ። በመም ላይ ያለው ጤዛ አየር ነው። ግሪፍዝ ፒዩ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ በ1953 የኤቨረስት ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረገጥ ከቡድኑ ጋር የነበረው ሳይንቲስት፣ በ1971 ባሳተመው ጥናት ሯጮችን ነፋስ በሚነፍስበት ዝግ ክፍል ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጦ ይህን ዋጋ ለክቶታል። በመካከለኛ ርቀት ፍጥነት ሯጩ ከሚያወጣው ጉልበት 7.5 በመቶ ያህሉ አየሩን ለመግፋት ይውላል። ከሌላ ሯጭ ጀርባ አንድ ሜትር ተጠግቶ ሲሮጥ ግን የሚፈልገው ኦክስጅን በ6.5 በመቶ ይቀንሳል። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም። ሆኖም ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፣ ወርቅና ብር ከሺህ አንድ በማይሞላ ልዩነት በሚለያዩበት ሩጫ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ደግሞም ዋጋው ቋሚ አይደለም። አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር ይህ ኃይል ከ1.7 እጥፍ በላይ ይሆናል። በዝግታ የሚመራ ሰው የሚጠርገው ጤዛ ትንሽ ነው፤ በፍጥነት የሚመራው ግን ይረሰርሳል።

ከኋላ መሆንም በነፃ አይገኝም። የመሙ እያንዳንዱ መስመር ስፋቱ 1.22 ሜትር ነው። ኩርባው ላይ ከውስጠኛው ጠርዝ አንድ መስመር ወጥቶ የሚሮጥ ሰው በየኩርባው 3.83 ሜትር ትርፍ ይሮጣል። 1500 ሜትር ሰባት ኩርባዎች አሉት። ሁሉንም በሁለተኛው መስመር የዞረ ሯጭ ተቀናቃኙ 1500 ሜትር ሲሮጥ እሱ 1527 ሜትር ገደማ ሮጧል ማለት ነው። ይህን ለመሸሽ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ የተጠጋ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ ያገኘዋል። ፊቱ ሰው፣ ቀኙ ሰው፣ ግራው የመሙ ጠርዝ ይሆንበትና ጉልበቱ ሳያልቅ ተዘግቶ ይቀራል። እንግዲህ መሪው አየሩን ይከፍላል፣ መሬቱን ግን በነፃ ያገኛል፤ ማንም አይዘጋውም፣ አንድ እርምጃም በከንቱ አይሮጥም። ተከታዩ አየሩን በነፃ ያገኛል፣ በመሬቱ ወይም በመዘጋት ስጋት ይከፍላል። ሯጮቹ በየኩርባው ሲገፋፉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ የምናየው ትርምስ ሁሉ የዚህ ሂሳብ ድርድር ነው።

ሌላም ሂሳብ አለ፤ እሱ ያለው ከሰውነት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ሳንባና ልቡ በሚያቀርቡለት ኦክስጅን ብቻ ሊዘልቅበት የሚችል የፍጥነት ጣራ አለው። ከዚያ በላይ ሲሮጥ ጡንቻው ውስጥ ከተቀመጠ ጥሪት መብላት ይጀምራል። ጥሪቱ ትንሽ ነው፤ ፍጥነቱ ከጣራው በታች ካልወረደም አይመለስም። የ1500 ሜትር ሯጭ በክብረ ወሰን ፍጥነት ሲሮጥ ይህን ጥሪት ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በቁጥቁጥ ያወጣና መጨረሻው መስመር ላይ ባዶ ይሆናል። ሩጫው ሲዘገይ ግን ማንም ጥሪቱን አይነካም፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሁሉም ኪሱ ሙሉ ነው። በሞናኮ፣ በሮም ወይም በዙሪክ ውድድር ይህ አይደርስም፤ አዘጋጁ ለአሯሯጭ ከፍሎ ጤዛውን ያስጠርጋል። ሻምፒዮና ላይ ቅጥር አሯሯጭ የለም። ሯጩ ማጣሪያና ግማሽ ፍፃሜ አልፎ በቀናት ውስጥ ሦስተኛ ሩጫውን ነው የሚሮጠው። ከአራተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ሁሉ ያለ ሜዳሊያ እንደሚመለስም ያውቃል።

አሁን ወደ ሪዮው የወንዶች ፍፃሜ እንመለስ። የመጀመሪያው 800 ሜትር 2 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በላይ ፈጅቷል። በመስመሩ ላይ ከቆሙት መካከል የ2012ቱ የለንደን ሻምፒዮን አልጄሪያዊው ታውፊቅ መክሉፊ ነበር፤ የግል ምርጥ ሰዓቱ 3፡28.75 ሲሆን የሴንትሮዊትዝ 3፡30.40 ነው። መክሉፊ ሩጫውን ቀደም ብሎ ለምን አላፈጠነውም? መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያፈጥነው ሰው ለሌሎቹ ሁሉ ጤዛ ይጠርጋል። እያንዳንዱ ሌላው እንዲጀምር ጠበቀ፤ ሁሉም ስለጠበቀ ማንም አልጀመረም። በዚህ መሃል አንድ ነገር ያስተዋለው ሴንትሮዊትዝ ነው፦ በዚህ ዝግታ መሪነት ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፣ ውስጠኛው ጠርዝ ግን እንደ ወትሮው ውድ ነው። ስለዚህ ፊት ወጥቶ ጠርዙን ያዘና አለቀቀም። ከጀርባው የመጡት ሁሉ እሱን ለማለፍ በውጭ በኩል መዞር ነበረባቸው። የመጨረሻውን ዙር በ50.6 ሰከንድ ገደማ ሮጦ መክሉፊን በ0.11 ሰከንድ ቀደመው። ይህ የፈሪ ሩጫ አይደለም፤ ገበያውን ከሁሉ በፊት ያነበበ ሰው ሩጫ ነው። የታምሩና የባካ ሰዓትም ከዚህ ወርቅ ጋር መወዳደር የለበትም። እነርሱ ፈጣን ሩጫ ሮጡ፣ ክብሩም የራሳቸው ነው። የኦሊምፒኩ ሯጮች 3፡48 ያልሮጡት ግን ስላልቻሉ ሳይሆን መጀመሪያ ለመግባት ያን መሮጥ ስላላስፈለጋቸው ነው።

በሴቶቹ በኩል ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚያም ነው፤ ለክርክሬም የተሻለው ማስረጃ እሱ ነው። በኦገስት 2015 በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ፍፃሜ ሴቶቹ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ሁለት ዙር ገደማ ሲቀር ገንዘቤ አፈትልካ ወጣችና በ4፡08.09 አሸነፈች። የ21 ዓመቷ ኬንያዊት ፌዝ ኪፕዬጎን በ4፡08.96 ሁለተኛ ሆነች። ከዓመት በኋላ በሪዮ ያው ሩጫ የተደገመ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ዙር 76 ሰከንድ ገደማ ፈጀ፤ 700 ሜትር ያህል ሲቀር ገንዘቤ እንደገና ተስፈነጠረች። በዚህኛው ጊዜ ግን ኪፕዬጎን ጀርባዋ ላይ ተለጥፋ ሄደች። 200 ሜትር ገደማ ሲቀር ወጣችና በ4፡08.92 ገባች፤ ገንዘቤ በ4፡10.27 ብር አገኘች። ኪፕዬጎን በቤጂንግ ብር ባገኘችበትና በሪዮ ወርቅ ባገኘችበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት የሰከንድ አራት መቶኛ ነው። በዓመት ውስጥ የተለወጠው የሰዓቷ ነገር አይደለም። የተለወጠው የቆመችበት ቦታ ነው፤ በሪዮ የገንዘቤን ጥላ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራ ያዘች፣ ጤዛውንም ያስጠረገችው በገንዘቤ ነው።

ከዚያ በኋላ በአገራችን የተባለው ብዙ ነው። ገንዘቤ ቸኩላ ወጣች ያሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የገንዘቤ ብርታት ፍጥነቷን ረጅም ርቀት ይዞ መዝለቅ ነው፤ እስከ መጨረሻው 200 ሜትር ጠብቃ ቢሆን ኖሮ ትግሉን ራሷ በፈቃዷ ወደ ኪፕዬጎን ሜዳ ትወስደው ነበር። ሚዛን የሚደፋው ሌላኛው ትችት ነው፤ በዚያ ወቅት የኪፕዬጎን ምርጥ ሰዓት 3፡56.41፣ የገንዘቤ 3፡50.07 ነበር፣ ታዲያ ስድስት ሰከንድ ብልጫ ያላት ሯጭ ለምን ከመነሻው አላፈጠነችውም የሚለው። ለዚህ ትችት ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። ሞናኮ ላይ ገንዘቤ ከፊቷ አሯሯጭ ነበረላት፤ ሪዮ ላይ አሯሯጯ ራሷ ልትሆን ነው፣ ስለዚህ ስድስቱ ሰከንድ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሀብት ነው። ነገር ግን ስህተት ከተባለ ስህተቱ በ700 ሜትሩ ጉዞ ላይ ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው 800 ሜትር ላይ ነው። 76 ሰከንድ የፈጀው ዙር ለኪፕዬጎን ጥሪቷን እንዳለ አቆየላት። ያን ዙር በአራትና በአምስት ሰከንድ ማሳጠር ለገንዘቤ ብዙ አያስከፍላትም ነበር፤ በዚያ ፍጥነት መሪነት ገና ርካሽ ነው። በርካሹ ሰዓት ሳትገዛ በውዱ ሰዓት ገዛች።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። እውነተኛ ሻምፒዮን ጀርባ ላይ አይደበቅም፣ ፊት ወጥቶ ሁሉንም ይጨርሳል የሚለው ነው፤ ምስክሩም የ2012ቱ የለንደን 800 ሜትር ፍፃሜ ነው። ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ያለ አሯሯጭ ከመነሻ እስከ መድረሻ መርቶ በ1፡40.91 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከእኔ በላይ ይህን ሩጫ የሚያደንቅ እንደሌለ አድርጌ እናገራለሁ። ሆኖም ከኋላው የሆነውን እንመልከት። ስምንተኛና መጨረሻ የወጣው እንግሊዛዊ አንድሪው ኦሳጊ 1፡43.77 ሮጧል፤ ይህ ሰዓት በሲድኒ፣ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒኮች ወርቅ ያስገኝ ነበር። ሩዲሻ ጤዛውን ለሰባት ሰዎች ጠርጎ ሰባቱንም አፈጠናቸው። እሱ ይህን ያደረገው ዋጋው ስላልነበረ አይደለም፤ ዋጋውን ከፍሎ የሚተርፈው ብቸኛ ሰው ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ብልጫ በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ቢታይ ነው። በዚያ ሩጫ ስድስተኛ የወጣው የእኛ መሐመድ አማን ነበር፤ ሰዓቱ 1፡43.20። በዓመቱ በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና፣ ሩዲሻ በጉዳት በሌለበት፣ አሜሪካዊው ኒክ ሲሞንድስ ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ቀድሞ ሲገባ መሐመድ ከኋላ መጥቶ በ1፡43.31 ወርቁን ወሰደ። ለንደን ላይ ስድስተኛ የወጣበት ሰዓት ሞስኮ ላይ ወርቅ ካገኘበት ይሻላል። ሰዓትን ብቻ የሚመዝን ሰው የትኛውን መሐመድ ሊያከብር ነው?

ብልጫው የሌለው ሰው ጤዛውን በሌላ ማስጠረግም ይችላል፤ የቡድን ጓደኛ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ከባሕር ጠለል በላይ 2240 ሜትር ላይ በተደረገው የ1500 ሜትር ፍፃሜ፣ ኬንያዊው ቤን ጂፕቾ የመጀመሪያውን ዙር በ56 ሰከንድ መርቶ ራሱን ሠዋ። ጓደኛው ኪፕቾጌ ኬይኖ ከዚያ ተረክቦ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱን ጂም ራያንን በሦስት ሰከንድ ገደማ አሸነፈው፤ አጨራረሱ አስፈሪ የነበረው ራያን ቀጭኑን አየር ፈርቶ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና ሊደርስበት አልቻለም። በ2000 በሲድኒ ሞሮኮ ለሂሻም ኤል ገሩዥ ተመሳሳይ እቅድ አወጣች፤ የአገሩ ልጅ ዩሱፍ ባባ መጀመሪያውን መራለት። ባባ ሲደክም ግን የቀረውን፣ ማለትም ውዱን ክፍል፣ ኤል ገሩዥ ብቻውን ከፈለ። ጀርባው ላይ የነበረው ኬንያዊ ኖአ ንጌኒ መድረሻው አጠገብ አልፎት በ3፡32.07 አሸነፈ፤ ልዩነታቸው የሰከንድ ሩብ ነው። ይህ ንጌኒ ኤል ገሩዥ በ1998 በሮም 3፡26.00 ሮጦ ዛሬም ድረስ ያልተሰበረውን ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ያሯሯጠው ሰው ነው። በሮም ተከፍሎት ፊት ሄደ፤ በሲድኒ ከኋላ ሆኖ ወርቁን ወሰደ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመኑ ተለውጧል ይላል። በአዲሶቹ ጫማዎች፣ በአዲሱ ልምምድ፣ በተለይም በኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ምክንያት ዝግተኛ ፍፃሜ የቀድሞ ታሪክ ሆኗል፤ አሁን ፈጣኑ ያሸንፋል የሚል ነው። ሰዓቶቹ በእርግጥ ፈጥነዋል። ነገር ግን የኢንገብሪግትሰንን አራት ፍፃሜዎች በተርታ ስናይ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኬንያዊው ቲሞቲ ቼሩዮት መራ፣ ኢንገብሪግትሰን ጀርባው ላይ ቆየ፤ ከዚያ በፊት አሸንፎት የማያውቀውን ሰው አልፎ በ3፡28.32 ወርቅ አገኘ። ከዚያ በኋላ መሪው ራሱ ሆነ። በ2022 በዩጂን ጄክ ዋይትማን 200 ሜትር ሲቀር አለፈው፤ በ2023 በቡዳፔስት ጆሽ ከር አለፈው፤ በ2024 በፓሪስ ደግሞ ከመነሻው አፍጥኖ የመጀመሪያውን ዙር ከ55 ሰከንድ በታች መርቶ ሳለ ሦስት ሰዎች አለፉት። አሜሪካዊው ኮል ሆከር በ3፡27.65 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከር 3፡27.79፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱት አሜሪካዊ ያሬድ ንጉሤ 3፡27.80፣ ኢንገብሪግትሰን 3፡28.24 ገቡ። ሆከር ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ምርጥ ሰዓቱን ሦስት ሰከንድ ያህል አሻሽሏል። ያን ስጦታ የሰጠው ጤዛ ጠራጊው ነው። ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ሲገቡ ከር በውጭ፣ ሆከር በውስጥ ነበሩ። ኢንገብሪግትሰን ከርን ለመከላከል ወደ ውጭ ሲያዘነብል የውስጡ በር ተከፈተ። ወርቅና ብርን የለየው 0.14 ሰከንድ በዚያ ፍጥነት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሩጫው በ3፡50ም ይለቅ በ3፡27 ድርድሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የዋጋው መጠን ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን የራሳችን ሰው አለ፤ ብዙ ያልተዘመረለት ሳሙኤል ተፈራ ነው። በ2019 በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ 1500 ሜትር ክብረ ወሰንን በ3፡31.04 ሰብሮ ነበር። ኢንገብሪግትሰን በፌብሩዋሪ 2022 በሊየቫ በ3፡30.60 ወሰደበት። በወሩ ሁለቱ በቤልግሬድ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ፍፃሜ ተገናኙ። ኢንገብሪግትሰን መራ፤ ሳሙኤል ጀርባው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ታገሠና አለፈው፦ 3፡32.77 ለ3፡33.02። ኖርዌያዊው ከውድድሩ በኋላ በኮሮና መያዙ መታወቁን መደበቅ አይገባም፤ ይህ ግን የሳሙኤልን ትዕግሥት አያሳንሰውም። መሪነቱን ሰዓቱ ሳይደርስ ሊገዛ የሚችልባቸው ብዙ ቅጽበቶች ነበሩ፤ ሁሉንም አሳለፋቸው።

የቀረው ተቃውሞ የዕድል ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ አላስተባብልም። በ1996 በአትላንታ ኤል ገሩዥ ደወሉ ሊደወል ሲል ከኑረዲን ሞርሴሊ ተረከዝ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ መጨረሻ ገባ። ይህን በዋጋና በገበያ ማስረዳት የሟች ቤተሰብን በሂሳብ እንደ ማጽናናት ነው። ሆኖም መጋጨቱም የሚመጣው ሁሉም አንድን ጠርዝ ስለሚፈልግ ነው። ፓሪስ ላይ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ወርቅ ያገኘው ሆከር በ2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍፃሜ ሲገፋፋ ተገኝቶ ከውድድሩ ተሰረዘ። እሱ በሌለበት ፍፃሜ ፖርቱጋላዊው አይዛክ ናደር ዋይትማንን በሰከንድ ሁለት መቶኛ ቀድሞ በ3፡34.10 አሸነፈ፤ ዝግተኛው ፍፃሜ ሞቷል ለሚሉት ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል። ሻምፒዮና ላይም አሯሯጭ ይቀጠር፣ በክብረ ወሰን ሙከራዎች ላይ እንደምናየው በመሙ ጠርዝ የሚሮጥ መብራት ይተከል የሚል ሐሳብ አለ። ይህ ሐሳብ ውድቅ መሆን አለበት። ጤዛውን ማን ይጥረግ የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ የሚቀረው ለሞናኮ የሚበቃ ሩጫ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ፓሪስ ላይ በአንድ ቀን ሩጫ ታይቷል። በሴቶቹ 1500 ሜትር ፍፃሜ ጉዳፍ ጸጋይ ከመነሻው በፍጥነት መራች፤ መጨረሻ ላይ 12ኛ ገባች። ከኋላ የቆየችው ድርቤ ወልተጂ በ3፡52.75 አራተኛ ሆና ነሐሱን በ0.14 ሰከንድ አጣች። ጤዛው በኢትዮጵያዊት ተጠርጎ ወርቁን በ3፡51.29 የወሰደችው ኪፕዬጎን ነበረች፤ ሦስተኛ ተከታታይ የኦሊምፒክ ድሏ። በዚያው ኦሊምፒክ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አምጥታለች፤ ስለዚህ ፍጥነት የለንም ብሎ መናገር አይቻልም። ከ5000 ሜትር እስከ ማራቶን በሠራነው ልክ ያልሠራነው ይህን ሂሳብ ነው። አሠልጣኞቻችን ልጆቹን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በተዘጋ ጠርዝ፣ በተለዋወጠ ፍጥነት፣ ማንም መምራት በማይፈልግበት ሩጫ እንዲያለማምዷቸው እማጸናለሁ። ኢትዮጵያ በ800 ሜትር በመሐመድ አማን፣ በ1500 ሜትር በገንዘቤ ዲባባ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በኦሊምፒክ ግን እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በሁለቱም ርቀቶች አንድም ወርቅ የላትም።